የኤች አይ ቪ መከላከያ ክኒን በጅማ ጤና ጣቢያዎች ሳይቋረጥ እንዲሰጥ ለከተማው ምክር ቤት ጥያቄ የምታቀርቡት እንዴት ነው?

ፕሬፕን ለማስፋፋት ብለው ለምክር ቤት ደብዳቤ ጽፈው ምላሽ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። ከእነሱ አንዱ እኔ ነኝ። የወደቅንበት ምክንያት በአብዛኛው አንድ ነው፤ ምክር ቤቱ ሊሰጥ የማይችለውን እንጠይቃለን፣ በእጁ ያለውን ግን ሳንጠይቅ እንቀራለን። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚሁ ነው። የምታነቡት የእድር ጸሐፊዎች፣ ነርሶች፣ የሴቶች ማኅበር አባላት ወይም በጉዳዩ የተቆረቆራችሁ ነዋሪዎች ልትሆኑ ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

አስቀድመን በቃሉ እንስማማ። ፕሬፕ ቫይረሱ በደማቸው የሌለ ሰዎች ከመጋለጣቸው በፊት በየቀኑ የሚወስዱት ክኒን ነው። ከተጋለጡ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ከሚወሰደው ፔፕ ይለያል። በስብሰባ ላይ ሁለቱ ከተምታቱ ውይይቱ አብሮ ይምታታል። ስለዚህ በምትጽፉት ወረቀት ሁሉ ላይ ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ።

ደረጃ 1፦ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱ

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት በከተማው ካሉት ጤና ጣቢያዎች ቢያንስ ሁለቱን ጎብኙ። ሐሰተኛ ታካሚ ሆናችሁ አትሂዱ፤ ለኃላፊው ማንነታችሁን ተናግራችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ አንዲት ሴት ፕሬፕ ለመጀመር የምታልፍባቸውን በሮች በቅደም ተከተል ተከተሉ፤ ካርድ ክፍል፣ ምክርና ምርመራ፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒቱ የሚታዘዝበት ክፍል፣ ፋርማሲ። በየበሩ ላይ ሦስት ነገር መዝግቡ። በሩ ስንት ሰዓት ተከፍቶ ስንት ሰዓት ይዘጋል? የሠለጠነው ባለሙያ ፈቃድ ሲወጣ ማን ይተካዋል? ወረፋው ላይ የተቀመጠን ሰው ማን ያየዋል?

ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የተማርኩት ከእሱ ነው። አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ፕሬፕ የሚሰጠው ከኤ አር ቲ ክፍሉ፣ ማለትም ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች መድኃኒታቸውን ከሚወስዱበት ክፍል ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ከዋናው መግቢያ ፊት ለፊት ነው፤ ከበሩ በላይ ደግሞ የክፍሉ ስም በትልቁ ተጽፏል። አንዲት ወጣት ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ በዚያ በር ሁለት ጊዜ አለፈች፤ በሦስተኛው ወደ ውጪ ወጣች። ምርመራዋን አድርጋ ነጻ መሆኗን የሰማችው በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ነርሷም ነበረች። የጎደለው ሌላ በር ብቻ ነው።

ከጉብኝቱ ስትመለሱ ያገኛችሁትን እንቅፋት ከሦስቱ በአንዱ ሥር መድቡ፦

1. መድኃኒቱ ወይም የምርመራ ኪቱ የለም።
2. መድኃኒቱ አለ፤ ባለሙያው ወይም ሰዓቱ አይገጥምም።
3. ሁሉም አለ፤ ሰው ግን እታያለሁ ብሎ ይፈራል።

የሦስቱም መፍትሔ የሚገኘው ከተለያየ ቢሮ ነው። እንቅፋቱን ሳትለዩ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

ደረጃ 2፦ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ለዩ

አብዛኛው ደብዳቤ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። በዝግታ አንብቡት።

*የፌዴራል መንግሥት።* ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 3 አገር አቀፍ የጤና መመዘኛዎችንና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያዎችን የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራሉ ሰጥቷል። ማን ፕሬፕ ይወስዳል፣ የትኛው መድኃኒት ይሰጣል፣ ምርመራው በስንት ወር ይደገማል የሚለውን የሚወስነው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ነው። አገልግሎቱ በአገራችን ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጣቸው በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችና የትዳር ወይም የፍቅር አጋራቸው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሰዎች ናቸው። የከተማውን ምክር ቤት "ዝርዝሩን አስፉልን" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ "አይመለከተንም" ይሆናል፤ ልክም ነው።

*የመድኃኒት አቅርቦት።* መድኃኒቱ የሚመጣው በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል ሲሆን ጅማ ውስጥም ቅርንጫፍ አለው። ጤና ጣቢያው የሚጠይቀው በየ2 ወሩ በሚሞላው የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ነው። ቅጹ ዘግይቶ ወይም ተሳስቶ ከተሞላ መድኃኒቱ ቅርንጫፉ መጋዘን ውስጥ እያለ ጤና ጣቢያው ባዶ ሊሆን ይችላል።

*ክልሉ።* አዋጅ የሚያወጣው ጨፌ ኦሮሚያ ነው። የባለሙያ ሥልጠና በአብዛኛው በክልሉ ጤና ቢሮ በኩል ያልፋል።

*የከተማው ምክር ቤት።* ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፤ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል፤ ሪፖርት ያስቀርባል። እናንተ የምትፈልጉት ይህንን ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የክፍል ማስተካከያ፣ የኪት መጠባበቂያ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት፤ ሁሉም በዚህ ሥር ይወድቃሉ።

*የጤና ጣቢያው ቦርድ።* ሰዎች ይህንን አካል ይረሱታል። ጤና ጣቢያዎች የውስጥ ገቢያቸውን ይዘው የሚጠቀሙት በቦርድ ውሳኔ ነው። በር ለመቀየር፣ መጋረጃ ለመስቀል ወይም የፕሬፕን ቀጠሮ ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ለማዛወር ምክር ቤት መሄድ አያስፈልግም። ቦርዱ በአንድ ስብሰባ ሊጨርሰው የሚችለውን ነገር ወደ ምክር ቤት ወስዳችሁ ወራት አታባክኑ። ያቺ ወጣት የተመለሰችበት ተቋም ችግር የተፈታው በዚሁ መንገድ ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተጠሪነቱ ለዩኒቨርሲቲው ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ሊያዘው አይችልም። በረቂቃችሁ ውስጥ "በከተማው ያሉ የጤና ተቋማት ሁሉ" ብላችሁ አትጻፉ፤ "በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያሉ ጤና ጣቢያዎች" በሉ። ይህቺ አንዲት ሐረግ ረቂቁ ለሕግ አስተያየት ተብሎ እንዳይመለስ ታደርጋለች።

ደረጃ 3፦ አምስት ቁጥሮችን ሰብስቡ

ከየጤና ጣቢያው የሚከተሉትን ጠይቁ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁ።

1. ባለፉት 12 ወራት ፕሬፕ የጀመሩ ሰዎች ብዛት።
2. ከእነሱ ውስጥ በ1ኛው ወር ቀጠሮ የተመለሱት።
3. በ3ኛው ወር የተመለሱት።
4. መድኃኒቱ ወይም የመመርመሪያ ኪቱ ያለቀባቸው ቀናት ብዛት።
5. በፕሬፕ የሠለጠኑና አሁን በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ብዛት።

በአንደኛውና በሦስተኛው ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ዋናው ማስረጃችሁ ነው። ጀምሮ የቀረ ሰው ስለ መድኃኒቱ ሰምቷል፣ ፈልጎታል፣ አንድ ጊዜም ደፍሮ መጥቷል። እንዳይመለስ ያደረገው ምን እንደሆነ ስታስረዱ የምክር ቤት አባል ይሰማችኋል።

ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ። መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አዋጁን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ እንደ ማስፈራሪያ አትጥቀሱት። በመጀመሪያ በትሕትና ጠይቁ፤ መልስ ከዘገየ በሁለተኛው ደብዳቤ ጥቀሱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም ቀበሌ አትጠይቁ፤ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። በአንድ ጤና ጣቢያ ቁጥሩ ከ5 በታች ከሆነ ለብቻው አታሳትሙት፤ ከሌሎቹ ጋር ደምሩት። ጅማ ሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው። "ሁለት ሴቶች፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ጤና ጣቢያ" ብሎ መጻፍ ስም ከመጥራት አይተናነስም።

*ቁጥር ከከለከሏችሁ፦* በደረጃ 1 ራሳችሁ የመዘገባችሁት የበር ሰዓትና የወረፋ ሁኔታ ይበቃል። ማስረጃ የለንም ብላችሁ አትቁሙ። በረቂቁ ላይ የሩብ ዓመት ሪፖርት ግዴታ እንዲካተት ስታደርጉ ቁጥሩ ራሱ ወደ ምክር ቤቱ ይመጣል።

ደረጃ 4፦ ትንሽ ኮሚቴ አቋቁሙ

ከ5 እስከ 7 ሰው ይበቃል። የፕሬፕን አሠራር የሚያውቅ ነርስ ወይም ጤና መኮንን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ በአካባቢው የተከበሩ አንድ የእድር ሰብሳቢ፣ አንድ የሃይማኖት አባት ወይም ሼህ፣ አፋን ኦሮሞ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው፣ በበጀት ሥራ ያለፈ ሰው። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ፈቃደኛ የሆነች ካለች በኮሚቴው ውስጥ እኩል ድምፅ ይኑራት። አገልግሎቱን የማይጠቀሙ ሰዎች ብቻቸውን የሚጽፉት ረቂቅ ሰዓቱን ሁልጊዜ ይስታል። ሌሊት የምትሠራ ሴት ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ጤና ጣቢያ እንድትቀርብ ይጠብቃል።

ተጠቃሚዋ በኮሚቴው ውስጥ "አባል" ብቻ ትባል። ለምን እንደገባች በቃለ ጉባኤ ላይ አትጻፉ። ማንም ሰው በምክር ቤት ፊት ስለ ራሱ የጤና ሁኔታ እንዲመሰክር አትጠይቁ፤ ራሱ "እናገራለሁ" ቢል እንኳ አንድ ቀን አስቡበት በሉት። የተነገረ ነገር አይመለስም።

የስብሰባ ቀን ስትመርጡ የዓርብን ቀትር ተዉ። የሐሙስ ገበያም ሰው ይበትናል።

*ኮሚቴው ለሁለት ከተከፈለ፦* የተለመደው መከፋፈል "ለባለትዳሮች ብቻ እንጠይቅ፤ የሌሎቹን ተዉት፣ ያሰናክለናል" የሚል ነው። አትቀበሉት። ባለትዳሮቹን ለይታችሁ ያቀረባችሁ ዕለት አገልግሎቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋትን ሴት በራሳችሁ እጅ ከበሩ መልሳችኋታል። መውጫው ዝርዝር አለመጥራት ነው፤ "በአገር አቀፉ መመሪያ መሠረት አገልግሎቱ የሚገባቸው ሰዎች" ብሎ መጻፍ ሁሉንም ያካትታል፤ ማንንም አያጋልጥም።

ደረጃ 5፦ ረቂቁን ጻፉ

የምትጠይቁት አዋጅ አይደለም። የምትጠይቁት የምክር ቤት ውሳኔ ነው፤ በቃለ ጉባኤ የሚሰፍር፣ በደብዳቤ ለጤና ጽሕፈት ቤቱና ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የሚወርድ፣ በበጀት የሚደገፍ ውሳኔ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እኛ የተጠቀምንበት ቅርጽ ይህንን ይመስላል፦

*1. በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያሉ ጤና ጣቢያዎች የቅድመ ተጋላጭነት መከላከያ መድኃኒትን (ፕሬፕን) በአገር አቀፉ መመሪያ መሠረት ለሚገባቸው ሰዎች በነጻ ይሰጣሉ።*

*2. ጤና ጽሕፈት ቤቱ ቢያንስ በሁለት ጤና ጣቢያዎች በሳምንት 3 ቀን ከመደበኛ ሰዓት ውጪ አገልግሎቱ እንዲሰጥ ያደርጋል።*

*3. መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል የተጠቃሚውን የጤና ሁኔታ በስሙ ወይም በአቀማመጡ የማያሳውቅ ይሆናል።*

*4. ጤና ጽሕፈት ቤቱ ክምችቱ ከዝቅተኛው መጠን በታች ሲወርድ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል።*

*5. ለተራ ቁጥር 2 እና 3 ማስፈጸሚያ በዓመታዊው በጀት ራሱን የቻለ መደብ ይያዛል።*

*6. ጤና ጽሕፈት ቤቱ ማንነትን የማይገልጽ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ለማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ያቀርባል።*

ተራ ቁጥር 5 ከሌለ የቀሩት አምስቱ ምኞት ናቸው። ድርድር ላይ ብዙ ነገር ልትለቁ ትችላላችሁ፤ 3 ቀኑን ወደ 2 ልታወርዱ፣ ጤና ጣቢያውን ወደ አንድ ልትቀንሱ። የበጀት መደቡን ግን አትልቀቁ።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ "መድኃኒቱ ለሁሉም ይታደል" ወይም "ያለ ምርመራ ይሰጥ" የሚል ቃል በረቂቁ ውስጥ እንዳይገባ። ፕሬፕ ከመጀመሩ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ግድ ነው፤ ከ1 ወር በኋላ፣ ከዚያም በየ3 ወሩ ይደገማል። ቫይረሱ ያለበት ሰው ሳያውቅ የፕሬፕን ክኒን ብቻውን ቢወስድ ለሕክምና አይበቃውም፤ ቫይረሱም መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል። በፕሬፕ ክኒን ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የኩላሊት ሁኔታ ይታያል፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰውም መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ክትትል ያስፈልገዋል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ከቅን ልብ የመጣ የተጣደፈ አንቀጽ እዚህ ላይ ሰው ይጎዳል።

ደረጃ 6፦ ወጪውን አስሉ

በመጀመሪያ የማትጠይቁትን ለዩ። የኤች አይ ቪ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ተቋማት በነጻ የሚሰጡ ናቸው፤ መድኃኒቱም በአገር አቀፉ አቅርቦት ይመጣል። ስለዚህ ከተማው ክኒን እንዲገዛ አትጠይቁ። የምትጠይቁት ክኒኑ ከሰው ጋር የሚገናኝበትን ወጪ ነው።

ስሌቱን በሰዓት ጀምሩ። በአንድ ጤና ጣቢያ 2 ባለሙያዎች በሳምንት 3 ምሽት ለ3 ሰዓት ቢሠሩ በሳምንት 18 ሰዓት፣ በ52 ሳምንት 936 ሰዓት ይሆናል። ይህንን ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ባገኛችሁት የትርፍ ሰዓት ተመን አባዙ። ለሁለት ጤና ጣቢያ ከሆነ እጥፍ አድርጉት። ከዚያ የጥበቃና የመብራት፣ የመጋረጃና የበር፣ የመጠባበቂያ ኪት ወጪ ጨምሩ። በእያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት ተመኑን ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ። የበጀት ባለሙያ ወረቀት ሲይዝ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ነው።

ሌላም ምንጭ አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከበጀታቸው እስከ 2 በመቶ ለኤች አይ ቪ መከላከልና መቆጣጠር ሥራ እንዲይዙ የሚጠይቅ አሠራር ለዓመታት ቆይቷል። በከተማው ውስጥ የትኞቹ መሥሪያ ቤቶች እንደሚይዙና በምን ላይ እንደሚያውሉት ጠይቁ። አዲስ ገንዘብ ከመጠየቅ የተያዘውን ወደ ጉዳዩ ማምጣት ይቀላል።

*"ገንዘብ የለም" ከተባለ፦* ወጪውን በሁለት ክፈሉት። የክፍል ማስተካከያውን ለጤና ጣቢያው ቦርድ አቅርቡ፤ የትርፍ ሰዓቱን ደግሞ ቡናው በሚለቀምባቸውና ለሥራ ወደ አካባቢው የሚመጣው ሰው በሚበዛባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ብቻ እንዲሆን አድርጉ። በሦስት ወር የታየ ውጤት ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ዋስትና ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ደብዳቤውን በወቅቱና በቋንቋው አስገቡ

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ዕቅድና በጀት የሚዘጋጀው ግን ከወራት በፊት ነው። ጥያቄያችሁ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ መዝገብ ቤት ካልገባ የሚቀጥለውን ዓመት ትጠብቃላችሁ። በሰኔ የሚገባ ደብዳቤ ጥሩ መልስ ያገኝ ይሆናል፤ ገንዘብ ግን አያገኝም።

የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ደብዳቤውንና ረቂቁን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጁ፤ አማርኛውን በአባሪነት ብታያይዙ አይጎዳም። በበሩ ላይ "ማነ መሬ" የሚለው ምክር ቤቱ፣ "ዋጂራ ፈያ" የሚለው ጤና ጽሕፈት ቤቱ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን በአማርኛ ብቻ ነበር፤ የተጻፈውም ለማይመለከተው አካል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ምላሽ ስንጠብቅ ወረቀቱ ከገባበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አልወጣም ነበር። ያንን ሁለት ወር መድኃኒት ያጣ ሰው እንዳለ ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደብዳቤውን ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጻፉ። ግልባጭ ለማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ፣ ለበጀት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣ ለጤና ጽሕፈት ቤቱና ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት አድርጉ። ከሕገ መንግሥቱ ሁለት አንቀጽ ጥቀሱ፤ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4፣ መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት፤ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው። የምትጽፉት በተመዘገበ ድርጅት ስም ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር በተያያዙ ሕጎችና አሠራሮች ላይ የማሻሻያ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ከዚህ በላይ ሕግ አትደርድሩ።

በእጃችሁ ያለው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ሳይሰፍር ከበሩ አትውጡ። ከ15 ቀን በኋላ ቁጥሩን ይዛችሁ በአካል ሂዱ። "እየታየ ነው" ከተባላችሁ "ማን ጋር ነው?" ብላችሁ ስሙን ሳይሆን ክፍሉን ጠይቁና ወደዚያው ሂዱ።

ደረጃ 8፦ ለቋሚ ኮሚቴው ጥያቄዎች ተዘጋጁ

ሁለት ሰው ብቻ ይናገር፤ ባለሙያው ስለ መድኃኒቱ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ስለ ከተማው። 10 ደቂቃ ይበቃል። የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም።

*"ይህ ልቅነትን አያስፋፋም ወይ?"* አትቆጡ። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ስለ ልጆቹ እያሰበ ነው። እንዲህ በሉ፦ ይህንን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየ3 ወሩ ጤና ጣቢያ ይመጣል፣ ይመረመራል፣ ምክር ያገኛል፣ ኮንዶም ይሰጠዋል፣ የአባላዘር በሽታ ካለበት ይታከማል። አሁን ያ ሰው ማንም ሳያየው ነው የሚኖረው። ከዚያ ዝም በሉ፤ ንግግር አታስረዝሙ። ሼሁ ወይም ቄሱ በኮሚቴው ውስጥ ካሉ ነፍስ ማዳን ስለሚለው እሳቸው ይናገሩ።

*"ገንዘቡ ለታመሙት ለምን አይውልም?"* ሁለቱ አይነጣጠሉም። ሕክምናውን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለአጋሩ አያስተላልፍም። እዚያ ለመድረስ ግን ወራት ይፈጃል። ባሏ ዛሬ ሕክምና የጀመረ ሚስት በእነዚያ ወራት የሚጠብቃት ፕሬፕ ነው፤ ልጅ ከፈለጉም ስጋቱን ቀንሰው የሚወልዱበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

*"ይሠራል ወይ?"* በየቀኑ በአግባቡ ሲወሰድ በግብረ ሥጋ የመያዝን ዕድል 99 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። "በአግባቡ" የምትለዋን ቃል አትዋጧት። ቀን እየዘለሉ ሲወስዱት ጥበቃው ይወርዳል፤ የምሽት ሰዓት፣ የተሸሸገ ክፍልና የማያልቅ ክምችት የምትጠይቁትም ሰው መድኃኒቱን ቀን ሳይዘል እንዲወስድ ብላችሁ መሆኑን እዚሁ ላይ አስረዱ።

*"ለጋሾች አሉ አይደል?"* ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀናት እንዲቆም ባዘዘ ጊዜ ምን እንደሆነ አስታውሱ። በኋላ በተሰጠው ፈቃድ እንኳ በዚያ ገንዘብ የሚሰጠው ፕሬፕ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ብቻ ተገድቦ ነበር። በውጭ አገር የተፈረመ አንድ ወረቀት የጅማን ጤና ጣቢያ በር እንዳይዘጋ ከተማው ቢያንስ የባለሙያውን ሰዓት በራሱ እጅ መያዝ አለበት።

ያልጠበቃችሁት ጥያቄ ከመጣ ግምት አትመልሱ። "በጽሑፍ እናቀርባለን" በሉ፤ በ3 ቀን ውስጥም አቅርቡ።

*ስብሰባው ወደ ዘለፋ ከዞረ፦* ሰብሳቢው ወደ ረቂቁ ተራ ቁጥር እንዲመልሰው ጠይቁ። "ተራ ቁጥር 2 ላይ አስተያየት ካለ" የምትል ዓረፍተ ነገር ብዙ እሳት ታበርዳለች። ካልበረደ ቀጠሮ ጠይቃችሁ ውጡ፤ በተቆጣ ስብሰባ ድምፅ እንዲሰጥ አትገፋፉ።

ደረጃ 9፦ ከጸደቀ በኋላ አትበተኑ

ውሳኔው በጸደቀ በ1 ሳምንት ውስጥ አራት ነገር አረጋግጡ፦

1. ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፤ የረቂቁ ስድስቱም ተራ ቁጥሮች በውስጡ አሉ።
2. የማስፈጸሚያ ደብዳቤ ለጤና ጽሕፈት ቤቱና ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ወጥቷል።
3. የበጀት መደቡ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቁጥር የሌለው ገንዘብ አይወጣም። ጸድቆ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይህቺን ቁጥር በማጣቱ ብቻ አንድ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ያደረ ውሳኔ በዓይኔ አይቻለሁ።
4. የምሽት ሠራተኞች የሥራ ፕሮግራም በጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ከዚያ በየ2 ወሩ፣ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጹ ከሚላክበት ሳምንት አስቀድማችሁ፣ የፋርማሲ ኃላፊውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ "የስንት ወር ክምችት አለን?" የጤና ጣቢያ ክምችት ከ2 ወር በታች መውረድ የለበትም፤ ከ4 ወር በላይም አይያዝም። መልሱ ከ2 ወር በታች ከሆነ ተራ ቁጥር 4 ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ነው።

*ክምችቱ ካለቀ፦* በዚያው ዕለት ሌላ ጤና ጣቢያ ትርፍ እንዳለው በጤና ጽሕፈት ቤቱ በኩል አጣሩ፤ ተቋማት መድኃኒት መዋዋስ ይችላሉ። ነርሷ ቀጠሮ ላላቸው ተጠቃሚዎች በስልክ እንድትነግራቸው አድርጉ፤ "ስለ ቀጠሮዎ" ብቻ ትበል፣ የመድኃኒቱን ስም በስልክ አትጥራ። ባዶ እጇን የተመለሰች ሴት ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች። ክኒኑ ያለቀበት ሰው ኮንዶም እንዲይዝ፣ ከተጋለጠም በ72 ሰዓት ውስጥ ለፔፕ እንዲመጣ፣ አቋርጦ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ተመርምሮ እንዲጀምር ይነገረው።

*የሩብ ዓመት ሪፖርቱ ካልቀረበ፦* ለቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ የውሳኔውን ቀንና ተራ ቁጥር 6ን ጠቅሳችሁ ሪፖርቱ በቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንዲያዝ ጠይቁ። ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ። በ15ኛው ቀን እንደገና ሂዱ።